ከየትኛው ሰፈር የረገፈ ቅጠል?

ካምፓላ ከምድር ወገብ 40 ኪሎ ሜትር እንኳ አትርቅም። አውሮፓ በጥቅምትና በኅዳር ቀይና ቢጫ የምትሆንበት የቅጠል መርገፊያ ወቅት እዚህ የለም። ቅጠሉ ግን ይረግፋል፤ ዛፉ ሁሉ ባንድ ጊዜ ሳይሆን በየራሱ ወር። ጃካራንዳ በደረቁ ወራት ተራቁቶ ቆይቶ ሐምራዊ አበባውን አስፋልቱ ላይ ያነጥፋል። በሉጋንዳ ፌኔ የሚባለው ትልልቅ ፍሬ የሚያፈራው ዛፍ ዓመቱን ሙሉ ለምለም ነው፤ አልፎ አልፎ የሚጥለው ወፍራም ቅጠል ግን ቢጫና ብርቱካናማ ሆኖ መሬት ይደርሳል። ካሜራ ይዞ ለሚዞር ሰው፣ የትኛው ቅጠል በየትኛው ሰፈር ወደቀ የሚለው ጥያቄ የከተማዋን ታሪክ ይከፍታል።

ፎቶግራፍ ራሱ ከቅጠል ጋር ነው ያደገው። እንግሊዛዊው ዊሊያም ሄንሪ ፎክስ ታልቦት በ1830ዎቹ (ዘመኑ ሁሉ እ.ኤ.አ. ነው) ቅጠልን ብርሃን በሚያጠቁረው ወረቀት ላይ አስተኝቶ ፀሐይ ላይ በማዋል፣ ያለ ካሜራ ቅርጹን ያስቀር ነበር። ካምፓላ ወደቆመችበት ወደ ቡጋንዳ መንግሥት የመጣው ካሜራ ግን ዓይኑ ሌላ ነገር ላይ ነበር። አሳሹ ሄንሪ ሞርተን ስታንሊ በ1875 ያነሣው የቡጋንዳውን ንጉሥ (ካባካ) ሙቴሳን ከነመኳንንቱ ነው።

የሰፈሮቹን ታሪክ ስንከተል፣ በ1890 እንግሊዛዊው ካፒቴን ሉጋርድ ዛሬ ኦልድ ካምፓላ በሚባለው ኮረብታ ላይ ምሽግ ሠራ። በ1898 በቪክቶሪያ ሐይቅ ዳር የኢንቴቤ የዕፅዋት ሥፍራ ተመሠረተ፤ ከባሕር ማዶ የመጡ ተክሎችም እዚያ ይሞከሩ ጀመር። በ1914 የወጣው የፕሮፌሰር ሲምፕሰን የጤና ሪፖርት ደግሞ ነጩ፣ እስያዊውና አፍሪካዊው ተለያይተው እንዲኖሩ፣ በመካከላቸውም ባዶ ሜዳ እንዲተው መከረ። ሰበቡ ወባና ወረርሽኝ ነበር። ናካሴሮና ኮሎሎ ሰፊ ግቢና በዛፍ የተከበበ ጎዳና አገኙ፤ በሁለቱ መካከል ያለው ሸለቆ የጎልፍ ሜዳ ሆነ። በ1945 ጀርመናዊው አርክቴክት ኤርንስት ማይ ለኮሎሎና ለናጉሩ ፕላን ሲያወጣ የከተማዋ ጥላ በዘር ተከፋፍሎ ጠብቆታል። የኮሎሎው አካሺያ ጎዳና በኋላ ጆን ባቢሃ ተብሎ ቢሰየምም ነዋሪው ዛሬም አካሺያ ይለዋል።

በካባካው መንግሥት ሥር በነበረው በሜንጎ በኩል የነበረው ዛፍ ሌላ ነው። በባጋንዳ ጓሮ፣ ከማቶኬው (ከሙዝ ተክሉ) መሐል፣ ሙቱባ የሚባል ዛፍ ይተከላል። ባለሙያው በዝናብ ወራት የግንዱን ልጥ ዙሪያውን ይገፍፈውና የተራቆተውን ግንድ እንዳይደርቅ በሙዝ ቅጠል ይጠቀልለዋል፤ ዛፉም ሌላ ልጥ ያበቅላል። የተገፈፈው በእንጨት መዶሻ ተቀጥቅጦ የሸክላ ቀለም ያለው ጨርቅ ይሆናል። ዩኔስኮ ይህን ጥበብ በ2005 ከዓለም ድንቅ የቃልና የማይዳሰሱ ቅርሶች ተርታ አስገብቶታል። ሜንጎ ውስጥ የደረቀ የሙዝ ቅጠል ያነሣ ሰው የጥንት የሥራ ዕቃ አነሣ ማለት ነው።

በ2015 በኡጋንዳ ብሮድካስቲንግ ኮርፖሬሽን 70 ሺህ ገደማ የፎቶ ኔጌቲቭ ተገኘ፤ ብዙው የኢዲ አሚን ዘመን ነው። ከፊሉ በ2019 በኡጋንዳ ሙዚየም ለእይታ ቀረበ። የመንግሥት ፎቶ አንሺዎች ያሳደዱት መሪውንና ሰልፉን ነበር፤ ዛፍ ቢታይም ከሰው ጀርባ ነው። ሆኖም ኔጌቲቮቹ ቀንና ጉዳዩ በተጻፈባቸው ፖስታዎች ውስጥ ስለነበሩ ዛሬ ታሪክ ጸሐፊ ይጠቀምባቸዋል።

ሐበሻ ምግብ ቤቶች በበዙባቸው በካባላጋላና በካንሳንጋ የምትኖሩ አንባቢያን፣ ከበራችሁ የወደቀ ቅጠል በስልካችሁ ስታነሡ የዛፉን ዓይነት፣ የመንገዱን ስምና ቀኑን አብራችሁ ጻፉ። መንገድ በሰፋ ቁጥር ዛፍ ይቆረጣልና፣ ያ ዛፍ እዚያ እንደነበረ የሚመሰክረው የእናንተ ፎቶ ሊሆን ይችላል።