ሰው የሌለበት ተራራ? የሳልጋዶ ካሜራ፣ የስሜን ተራሮችና የግጭ ሙስሊሞች



ከጎንደር ተነስቶ በዳባት አድርጎ ደባርቅ የደረሰ መንገደኛ የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ደጃፍ ላይ ቆሟል ማለት ነው። የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ያለው ደባርቅ ነው፤ ጎብኚው የመግቢያ ፈቃድ የሚያወጣውም፣ አስጎብኚ የሚይዘውም እዚያው ነው። ስለ ስሜን የሚታተሙ ፎቶዎችን ስናገላብጥ ዋልያ እናያለን፣ ጭላዳ እናያለን፣ ጅባራ፣ ገደልና ደመና እናያለን። እዚያ ተወልዶ፣ አርሶና ወልዶ የኖረው ሰው ግን የሚታየው ከስንት አንዴ ነው። ዛሬ ይህን ጉዳይ በእግሩ ስሜን ድረስ በመጣ በአንድ ታላቅ ፎቶ አንሺ ሕይወት በኩል እናየዋለን።

ሰባስቲያኦ ሳልጋዶ እ.ኤ.አ. በ1944 በብራዚል፣ ሚናስ ዤራይስ በተባለው ግዛት ተወለደ። አባቱ ከብት አርቢ ነበሩ። እሱ የተማረው ኢኮኖሚክስ ነው። አገሩ በወታደሮች አገዛዝ ሥር ስትወድቅ በ1969 ከባለቤቱ ከሌሊያ ጋር ወደ ፓሪስ ተሰደደ። ቀጥሎም ለንደን በሚገኘው ዓለም አቀፍ የቡና ድርጅት ተቀጠረ። ለሥራ ወደ አፍሪካ ሲመላለስ የባለቤቱን ካሜራ ይዞ ይሄድ ነበር። ከሚጽፈው ሪፖርት ይልቅ የሚያነሳው ፎቶ ልቡን እየወሰደው መጣና በ1973 ደህና ደመወዙን ትቶ ፎቶ አንሺ ሆነ።

ከአገራችን ጋር ስሙ የተያያዘው በክፉ ቀን ነው። የወሎ ሙስሊምና ክርስቲያን አብሮ በተራበበት በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ወቅት ሳልጋዶ ድንበር የለሽ ሐኪሞች ከተባለው ድርጅት ጋር ሠርቷል። የኮረምን መጠለያ፣ ወደ ሱዳን በእግሩ የሚተመውንም ስደተኛ በጥቁርና ነጭ ፎቶ አስቀርቷል። እነዚያ ፎቶዎች ለእርዳታው ሥራ ድጋፍ በሚያስገኝ መጽሐፍ ታትመው ወጡ።

ነገር ግን ነቀፌታም አልቀረለትም። አንዳንዶች «መከራን አስውቦ ያሳያል» አሉት። አሜሪካዊቷ ጸሐፊ ሱዛን ሶንታግ ደግሞ በ2003 ባሳተመችው መጽሐፍ ስለ ስደተኞች ያነሳቸውን ፎቶዎች ጠቅሳ፣ ሰዎቹ በስማቸው አለመጠራታቸውን ነቅፋለች። ዝነኛው ሰው በስሙ ሲጠራ፣ ድሃው የረሃብ ወይም የስደት ምሳሌ ብቻ ሆኖ ይቀራል ማለቷ ነው። ይህን ነጥብ ያዙልን፤ ኋላ ላይ እንመለስበታለን።

ሳልጋዶ በ1994 የሩዋንዳን እልቂት ከቀረጸ በኋላ አካሉም መንፈሱም ታመመ። ካሜራውን ሊተው ደርሶ ወደ አባቱ እርሻ ተመለሰ። በልጅነቱ የሚያውቀው ደን ተመንጥሮ፣ መሬቱ ተሸርሽሮ ጠበቀው። ከባለቤቱ ጋር በ1998 ኢንስቲትዩቶ ቴራ የተባለ ተቋም አቁመው ችግኝ መትከል ጀመሩ። ከዓመታት በኋላ ከ2 ሚሊዮን በላይ ዛፍ በቀለ፤ የደረቁ ምንጮች ፈለቁ፤ አእዋፍም ተመለሱ።

ከዚህ ተስፋ በመነሳት በ2004 «ጀነሲስ» የተባለውን ሥራ ጀመረ። ዓላማው ዘመናዊው ኑሮ ያልነካካውን የምድር ክፍል፣ እንስሳውንና ሕዝቡን ማሳየት ነበር። በዚህ ሥራ ነው በ2008፣ ስልሳውን ካለፈ በኋላ፣ ከላሊበላ ተነስቶ እስከ ስሜን ተራሮች ድረስ ወደ 850 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ መንገድ በእግሩ የተጓዘው። ሥራው በ2013 በመጽሐፍና በዐውደ ርዕይ ለዓለም ቀረበ።

እንግዲህ ጥያቄያችን እዚህ ላይ ነው። ስሜን በእርግጥ ያልተነካ ምድር ነበርን?

አልነበረም። ከባሕር ወለል በላይ 3,600 ሜትር ገደማ ላይ ግጭ የሚባል መንደር ነበር። ነዋሪዎቹ ሙስሊሞች ናቸው። በጎንደር ታሪክ ሙስሊሙ በአብዛኛው የሚነሳው በነጋዴነቱና በሸማኔነቱ ነው። በ1668 በዐፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን ሙስሊሞች ተለይተው እንዲኖሩ መታወጁም ይታወቃል። የግጭ ሰዎች ግን በዚያ ብርድ ገብስ የሚዘሩ፣ በግና ከብት የሚያረቡ ገበሬዎች ነበሩ።

ፓርኩ በ1969 ሲቋቋም መንደሩ ውስጡ ቀረ። በ1978 ስሜን ከላሊበላ ጋር በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ሰፈረ። በ1996 ደግሞ አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች ተራ ገባ። ከተጠቀሱት ምክንያቶች መካከል የዋልያው ቁጥር መመናመን፣ ሰፈራና እርሻ ነበሩ። ሥጋቱ ከንቱ አልነበረም፤ ተዳፋት መሬት ሲታረስ አፈሩ ይታጠባል፣ ግጦሹም ይራቆታል። በመጨረሻ በ2016 ወደ 2,500 የሚሆኑ የግጭ ነዋሪዎች ተነስተው ደባርቅ እንዲሰፍሩ ተደረገ። በማግሥቱ ዓመት ስሜን ከአደጋ መዝገቡ ወጣ። ፈረንሳዊው የታሪክ ተመራማሪ ጊዮም ብላን በ2020 ባሳተመው መጽሐፍ፣ የእንዲህ ያለው ማፈናቀል ሥር አውሮፓውያን በአእምሯቸው የሣሉት «ሰው የሌለባት የአፍሪካ ገነት» መሆኑን ይሞግታል።

ይህን የምንለው የግጭን ሰዎች መነሳት በሳልጋዶ ላይ ለመለጠፍ አይደለም። እሱ በዚያ ጉዞው የደጋውን ሰውም አንስቷል። የእኛ ነጥብ ሌላ ነው፦ ፎቶ ምስክር ነው፤ ምስክርነቱ ግን ከፍሬሙ ውጪ ስለቀረው አይናገርም። ተራራው ያለ ሰው ሺህ ጊዜ ከታየ፣ ሰውየው ሲነሳ የጎደለ ነገር ያለ አይመስልም። የሳልጋዶ የራሱ ሕይወት ደግሞ ሌላ ነገር ያስተምረናል። በብራዚል የተራቆተው መሬት የዳነው እዚያው በተወለደ ሰው እጅ ነው።

ሳልጋዶ በግንቦት 2025 በ81 ዓመቱ ፓሪስ ውስጥ አረፈ። ሥራው በመጻሕፍትና በሙዚየም ተጠብቆ ይኖራል። የግጭን ኑሮ ማን ይጠብቀው? በፓርኩ ሥር ያላችሁ የደባርቅና የዳባት ወንድሞችና እህቶች፣ በተለይ ስልክ የያዛችሁ ወጣቶች፣ ይህ የእናንተ ሥራ ነው። አባቶችንና እናቶችን በፈቃዳቸው ፎቶ አንሷቸው፤ ድምፃቸውን ቅረጹ። በየቤቱ የተቀመጠ የድሮ ፎቶ ካለ ቅጂ አስቀሩ። የማሳውን፣ የምንጩን፣ የመቃብሩን ቦታ ጠይቁ። ከሁሉም በላይ ደግሞ ከእያንዳንዱ ፎቶ ሥር የሰውየውን ስም ከነአባቱ፣ ቦታውንና ዓመቱን ጻፉ። ታላቁ ፎቶ አንሺ የተነቀፈበትን ጉድለት እኛ መድገም የለብንም።

አላህ ለታላላቆቻችን ዕድሜና ጤና ይስጥልን።