ኮምፒውተር ሊተኛ ሲል ማን ይጠየቃል?

እ.ኤ.አ. 2003 ነው እንበል። የላፕቶፓችሁን ክዳን ዘግታችሁ ቦርሳ ውስጥ ከተታችሁት። ከሰዓታት በኋላ ስታወጡት እንደ ምጣድ ግሏል፣ ባትሪውም አልቋል። ተኝቷል ያላችሁት ኮምፒውተር ለካ ነቅቶ ሲሰራ ነበር! እንዴት? መልሱ ያለው በአንድ የቆየ ክርክር ውስጥ ነው፦ ኮምፒውተር ሊተኛ ሲል ፕሮግራሞቹ ይጠየቁ ወይስ ይነገራቸው?

መጀመሪያ እንቅልፉ ምን እንደሆነ እንይ። በተለመደው እንቅልፍ ፕሮሰሰሩና ስክሪኑ ይጠፋሉ፤ ራሙ ግን ጥቂት ኤሌክትሪክ እያገኘ የያዘውን ይዞ ይቆያል። ስትከፍቱት ሁሉም ካቆመበት የሚቀጥለው ለዚህ ነው። ችግሩ፣ በዚያች ሰዓት አንዱ ፕሮግራም ፋይል እየጻፈ፣ ሌላው ከኢንተርኔት እያወረደ ሊሆን ይችላል።

በ1992 ኢንቴልና ማይክሮሶፍት ኤፒኤም የተባለ ደንብ አወጡ። በዚህ ደንብ የኃይል ቁጥጥሩ በአብዛኛው በባዮስ እጅ ነበር። ባዮስ ኮምፒውተሩ ሲበራ ቀድሞ የሚነሳ፣ ማዘርቦርዱ ላይ ያለ ትንሽ ፕሮግራም ነው፤ እናንተ ምን እየሰራችሁ እንደሆነ ግን አያውቅም። ስለዚህ በ1996 ኢንቴል፣ ማይክሮሶፍትና ቶሺባ ኤሲፒአይን ይዘው መጡ። ውሳኔው ወደ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ተዛወረ።

ዊንዶውስ በዚያን ጊዜ ጨዋ ነበር። እስከ ዊንዶውስ ኤክስፒ ድረስ ከመተኛቱ በፊት ፕሮግራሞቹን «ልንተኛ ነው፣ ትስማማላችሁ?» ብሎ ይጠይቃል። አንዱ «አይሆንም» ካለ እንቅልፉ ይቀራል። ጥሩ ይመስላል አይደል? ግን እናንተ ክዳኑን ዘግታችሁ ሄዳችኋል። አንድ በደንብ ያልተሰራ ፕሮግራም እምቢ ካለ ማን ያየዋል? ያ የጋለ ላፕቶፕ የሚመጣው እንዲህ ነው።

በ2007 ለገበያ የቀረበው ዊንዶውስ ቪስታ ይህን የእምቢታ መብት ነጠቀ። ጥያቄው ቀርቶ ማስታወቂያ ብቻ ሆነ። ፕሮግራሙ ለመሰናዳት የሚያገኘው ጊዜም ሁለት ሰከንድ ገደማ ነው። ፊልም የሚያሳይ ፕሮግራም «ተመልካቹ ኪቦርድ ባይነካም አትተኛ» ብሎ አስቀድሞ መጠየቅ ይችላል። ክዳኑን ስትዘጉ ግን የእናንተ ቃል ይበልጣል።

ስልክ ሲመጣ ነገሩ ተገለበጠ። ሊኑክስ ላይ የተሰራው አንድሮይድ ምቹ ጊዜ ባገኘ ቁጥር ይተኛል። ስራ ያለው ፕሮግራም «ዌክ ሎክ» የሚባል መቆለፊያ ይይዛል፤ እሱ እስኪለቀው ስልኩ አይተኛም። ስክሪኑ ጠፍቶም ሙዚቃ የምትሰሙት በዚህ ነው። መልቀቁን የረሳ ፕሮግራም ግን ባትሪያችሁን ይጨርሳል።

ይህ ሃሳብ በ2009 ለሊኑክስ ገንቢዎች ሲቀርብ ረጅም ጭቅጭቅ አስነሳ። ብዙዎቹ መቆለፊያውን አልወደዱትም። ከጭቅጭቁ ስር ግን እውነተኛ እንቆቅልሽ ነበር፦ ስልኩ እንቅልፍ ሊወስደው ሲል፣ በዚያችው ቅጽበት መልእክት ቢገባስ? ሳይታይ ሊያድር ነው።

በ2010 ራፋኤል ቪሶትስኪ የተባለ የሊኑክስ ገንቢ ያቀረበው መፍትሄ ተራ ቆጠራ ነው። የሲስተሙ እምብርት የሆነው ከርነል፣ መሳሪያውን የሚቀሰቅሱ ክስተቶችን ይቆጥራል። የሚያስተኛው ፕሮግራም ቁጥሩን ያነባል፤ 17 ነው እንበል። ሌሎቹን ካሰናዳ በኋላ «17 ከሆነ እንተኛ» ብሎ ያንኑ ቁጥር ለከርነሉ ይመልሳል። በመሃል መልእክት ገብቶ ቁጥሩ 18 ከደረሰ ከርነሉ አይቀበልም። መልእክቱ ይታያል፣ እንቅልፉ ትንሽ ይዘገያል።

ሁለቱ መንገዶች አንድ ነገር ያስተምሩናል። ፕሮግራሞችን ጨርሶ አለመስማት ስራ ያጠፋል፤ ሁሉንም ማስፈቀድ ደግሞ ባትሪ ያስጨርሳል። ስለዚህ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ይሰማል፣ ጊዜ ይሰጣል፤ ሰዓቱ ሲደርስ ግን ይወስናል። ነገ ክዳኑን ስትዘጉ ጆሯችሁን ጣል አድርጉ፦ ፋኑ ዝም እስኪል ባሉት ጥቂት ሰከንዶች ውስጥ ይሄ ሁሉ ምክክር እየተካሄደ ነው።