የጎጃም ጤፍ፤ ስለ ቦታ ስም ሕጋዊ ጥበቃ አጭር ጥናት

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ የዓባይን በረሃ የተሻገረ መንገደኛ ዳገቱን እንደ ጨረሰ የሚያገኛት የጎጃም ከተማ ደጀን ናት። ከዚያ ወዲያ በቢቸናም ሆነ በደብረ ማርቆስ አቅጣጫ ያለው ደጋ የታወቀ የጤፍ አገር ነው። በአዲስ አበባ የእህል ገበያ «የጎጃም ማኛ» የተባለ እንደ ሆነ ስሙ ብቻ ገዢን ይስባል። ይሁን እንጂ በዚህ ስም ለመሸጥ የሚገባው ማን ነው? የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህንኑ ጥያቄ መመርመር ነው። ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

የቦታን ስም በሕግ መጠበቅ በአውሮፓ የቆየ ልማድ ነው። ፈረንሳይ በ1919 ስለ ምርት መነሻ ስም ሕግ አወጣች፤ በ1925ም ሮክፎር ለተባለው አይብ ራሱን የቻለ ሕግ ደነገገች። በ1958 የሊዝቦን ስምምነት ተከተለ። በ1994 ደግሞ የዓለም ንግድ ድርጅት አባሎች እንዲህ ላሉት ስሞች ጥበቃ እንዲያደርጉ በስምምነት ተገደዱ። የሁሉም መሠረት አንድ ነው፤ ይኸውም ምርቱ ጠባዩን ወይም ዝናውን ያገኘው ከቦታው መሆኑን ማስረዳት ነው።

ኢትዮጵያ ለቡናዋ የመረጠችው መንገድ ግን ሌላ ነው። መንግሥት በ2005 ይርጋ ጨፌ፣ ሲዳሞና ሐረር የተባሉትን ስሞች በአሜሪካ በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ አመለከተ። የአሜሪካ ቡና ነጋዴዎች ማኅበር ተቃወመ፤ ስታርባክስም ስሞቹ በመነሻ ምስክር ወረቀት ቢጠበቁ ይሻላል አለ። ከኢትዮጵያ ወገን የተሰጠው መልስ፣ ቡናው የሚለቀመው እጅግ ከበዙ ትናንሽ ማሳዎች ስለ ሆነ የያንዳንዱን ጆንያ መነሻ ተከታትሎ መመስከር ገበሬው የማይችለው ወጪ ነው የሚል ነበር። በመጨረሻም በ2007 ስታርባክስ ከመንግሥት ጋራ ተዋዋለ።

የጤፍ ታሪክ ከዚህ ይለያል። በዚያው በ2005 የብዝሐ ሕይወት ጥበቃ ኢንስቲትዩት የጤፍን ዘር ስለ መጠቀም ከአንድ የኔዘርላንድ ኩባንያ ጋራ ተዋዋለ፤ ኩባንያውም ከጥቅሙ ለኢትዮጵያ ሊያካፍል ቃል ገባ። በ2007 ኩባንያው ስለ ጤፍ ዱቄት የአውሮፓ ፓተንት አገኘ፤ በ2009 ከሰረ፤ ፓተንቱ ግን በሌላ እጅ ቆየ። በ2018 የሄግ ፍርድ ቤት ፓተንቱ የፈጠራ ብልሃት የለውም ሲል በኔዘርላንድ ሻረው። ልብ ሊባል የሚገባው፣ ፍርዱ የተሰጠው በኢትዮጵያ ከሳሽነት ሳይሆን በኔዘርላንድ ነጋዴዎች መካከል በተነሣ ክርክር መሆኑ ነው።

የቦታ ስም ቢጠበቅ ኖሮ ይህ ፓተንት ባልተሰጠ ነበር ማለት ግን ስሕተት ነው። ስም የሚጠብቀው ስምን ነው፤ ዘርንና የአሠራር ዘዴን አይጠብቅም። የስም ጥበቃ ለደጀን ገበሬ ሊያደርግለት የሚችለው፣ በእርሱ ድካም የተገኘው ዝና የሚያስገኘውን ዋጋ ለእርሱ ማስቀረት ነው። ያለዚያ የሌላ አገር እህል ቀላቅሎ በጎጃም ስም የሚሸጥ ነጋዴ ይጠቀምበታል።

ለዚህም አስቀድሞ የጎጃም ጤፍ ምን እንደ ሆነ በጽሑፍ መወሰን ያስፈልጋል። ነገሩም ቀላል አይደለም። ቁንጮ የተባለው ዘር በደብረ ዘይት የምርምር ማእከል ተዳቅሎ በ2006 የወጣ ሲሆን በጎጃምም ተዘርቷል። እንግዲህ የጤፉ ጎጃሜነት በዘሩ ካልሆነ በዋልካው አፈር ነውን? በደጋው አየር ነውን? ወይስ በገበሬው አስተራረስና አበጣጠር? ይህን ገበሬው ሳይጠየቅ የሕግ ሰዎች ብቻቸውን ሊወስኑት አይገባም።

በቡና ጊዜ የተነሣው የወጪ ጥያቄም ለጤፍ ያው ነው። በእኛ አስተያየት ሥራው በመላው ጎጃም ከሚጀመር ይልቅ በአንድ ወረዳ፣ በገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር መጋዘን ቢጀመር ይሻላል። ማኅበሩ የተቀበለውን እህል መዝግቦ ጆንያውን በምልክቱ ካሸገ፣ ስሙ ባለቤትም ማስረጃም ያገኛል። ባለቤትና ማስረጃ የሌለውን ስም ማናቸውም ሕግ ሊጠብቀው አይችልም።