ፓንዳርፑር፦ አምላክ በጡብ ላይ ቆሞ የሚጠብቅበት ቤተ መቅደስ

በምዕራብ ህንድ፣ በማሃራሽትራ ግዛት የምትገኘው ፓንዳርፑር በቢማ ወንዝ ዳርቻ የተቆረቆረች ከተማ ናት። ወንዙ እዚህ ሲደርስ እንደ ግማሽ ጨረቃ ስለሚታጠፍ ቻንድራባጋ ይባላል። ከተማዋን ያስጠራት የቪታል ቤተ መቅደስ ነው። ቪቶባ በሚል ስምም የሚታወቀውን ይህን አምላክ ምዕመናኑ የክሪሽና መገለጫ አድርገው ያመልኩታል።

ከጥቁር ድንጋይ የተቀረጸው ምስሉ ሁለት እጆቹን በወገቡ ላይ አሳርፎ በጡብ ላይ ቆሟል። በአፈ ታሪኩ መሠረት ፑንዳሊክ የተባለ ሰው አረጋውያን ወላጆቹን ሲያገለግል ክሪሽና ከደጃፉ ደረሰ። ፑንዳሊክ ግን ሥራውን አላቋረጠም፤ ጡብ ወርውሮለት እስኪጨርስ ድረስ በዚያ ላይ ቆሞ እንዲጠብቀው ነገረው። አምላኩም በዚህ ሳይቆጣ ጠበቀ፤ ዛሬም እየጠበቀ ነው ይላሉ አማኞቹ።

በየዓመቱ በሰኔ ወይም በሐምሌ በሚውለው ታላቅ በዓል በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ተሳላሚዎች ወደዚህ ይተማሉ። የቅዱሳኑን የዲኒያኔሽዋርንና የቱካራምን ምሳሌያዊ ጫማዎች አጅበው፣ እየዘመሩ ሦስት ሳምንት ገደማ በእግር ይጓዛሉ። የብዙዎቹ ምኞት ግንባርን በአምላኩ እግር ላይ ማሳረፍ ነው።

ይህ መንካት ግን ለዘመናት ለሁሉም የተፈቀደ አልነበረም። በ14ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው ባለቅኔው ቾካሜላ "አይነኬ" ከሚባሉት የማሃር ወገኖች ስለተወለደ ከቤተ መቅደሱ ደጃፍ ማለፍ አይችልም ነበር። ገድሉ እንደሚለው አንድ ሌሊት ቪታል ራሱ ወደ ውስጥ አስገብቶ የአንገት ጌጡን ሰጠው። ካህናቱ ግን በሌብነት ከሰሱት፤ በበሬዎች ተጎትቶ እንዲሞትም ተፈረደበት። በሬዎቹ አልንቀሳቀስ አሉ፤ አምላኩ ቀንዳቸውን ይዟቸው ነበርና። ኋላ ላይ ቾካሜላ ግንብ ሲሠራ ተንዶበት ሞተ። ወዳጁ ናምዴቭ አስከሬኑን ከሌሎቹ የለየው የቪታል ስም ከአጥንቶቹ ሲወጣ ሰምቶ ነው ይባላል። መቃብሩም ከታላቁ በር ፊት ለፊት፣ ከደጅ ውጭ ሆነ። ገድሉ አምላኩን ከቾካሜላ ወገን ያቆመዋል፤ በሩን ግን አያስከፍትም።

በሩ የተከፈተው በሰው ትግል ነው። እአአ በግንቦት 1947፣ ህንድ ነፃ ከመውጣቷ ከሦስት ወራት በፊት፣ ደራሲና የነፃነት ታጋይ የነበረው ሳኔ ጉሩጂ "አይነኬ" የተባሉት ሁሉ እንዲገቡ በመጠየቅ በፓንዳርፑር የረሃብ አድማ መታ፤ ጥያቄውም ተቀባይነት አገኘ። በቀጣዩ ዓመት ከማሃር ወገን የተወለደው ቢ. አር. አምቤድካር ስለ "አይነኬዎች" አመጣጥ የጻፈውን መጽሐፍ ለሦስት ቅዱሳን መታሰቢያ አደረገ፤ አንዱ ቾካሜላ ነው።

የክህነቱ ጉዳይ ግን ብዙ ቆየ። ባድቬና ኡትፓት የተባሉት ቤተሰቦች በዘር ይወርሱት የነበረው መብት ያከተመው እአአ በ2014 በህንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔ ነው። በዚያው ዓመት አስተዳደሩ ሴቶችና ከብራህሚን ውጭ ያሉ ሰዎች ለክህነት እንዲያመለክቱ ጋበዘ።