ነፋሱ ቆሞ ውሃው የሚዞረው ለምንድን ነው?



እስቲ ዛሬ ስለ ባሕር እንጫወት። ኖርዌያዊው ፍሪድትዮፍ ናንሰን እ.ኤ.አ. በ1893 ፍራም በተባለች መርከብ ወደ ሰሜን ዋልታ አቅጣጫ ተጓዘ። መርከቢቱንም ሆን ብሎ በበረዶ አስያዛት፤ ከበረዶው ጋርም ሦስት ዓመት ገደማ ተንሳፈፈች። ናንሰን በየጊዜው ሲመዘግብ አንድ ነገር አስተዋለ። በረዶው የሚሄደው ነፋሱ ወደሚነዳው አቅጣጫ ሳይሆን፣ ከ20 እስከ 40 ዲግሪ ወደ ቀኝ ዘወር ብሎ ነው።

ለምን ይሆን? ናንሰን ምክንያቱ የምድር መሽከርከር ነው አለ። ስዊድናዊው ኤክማን ደግሞ ነገሩን በሒሳብ አስልቶ እ.ኤ.አ. በ1905 አሳተመ። ምድር ስለምትዞር፣ ከምድር ወገብ በስተሰሜን የሚሄድ ውሃ ወደ ቀኝ፣ በስተደቡብ የሚሄደው ወደ ግራ ይታጠፋል።

ታዲያ ነፋሱ ድንገት ቢቆምስ? ውሃው ወዲያው ቀጥ አይልም። እየታጠፈ፣ እየታጠፈ ክብ ይሠራል፤ ኃይሉ እስኪደክም ድረስም ይዞራል። ይህን እ.ኤ.አ. በ1933 ጉስታፍሰንና ኩለንበርግ በባልቲክ ባሕር ለክተው አገኙት፤ አንዱ ዙር 14 ሰዓት ያህል ይፈጃል። ዋልታው አጠገብ 12 ሰዓት፣ ከምድር ወገብ 30 ዲግሪ ርቀት ላይ ግን አንድ ቀን ሙሉ ነው።

ይህን የማያውቅ ሰው የጠፋች ጀልባ ሲፈልግ፣ ነፋሱን ብቻ ተከትሎ ሊሳሳት ይችላል። አያችሁ አይደል? ሁሉም የተጀመረው «ትንሽ ነገር ነው» ተብሎ ሳይታለፍ በተጻፈ መዝገብ ነው።

ደህና ሁኑ።