ለጥቂቶች ተሠርተው የብዙዎች ቤት የሆኑት የአርሊንግተን ግቢዎች

ከዋሽንግተን ዲሲ በፖቶማክ ወንዝ የምትለየው የቨርጂኒያዋ አርሊንግተን፣ ሣርና ዛፍ ያለበትን ግቢ ከብበው በቆሙ ባለ ሁለትና ባለ ሦስት ፎቅ የጡብ ሕንፃዎች ትታወቃለች። ጋርደን አፓርትመንት ይባላሉ። ሊፍት የላቸውም፤ አንዱ ደረጃ የሚያገለግለው ጥቂት ቤቶችን ብቻ ነው፤ ሕንፃው ከመሬቱ ትንሹን ክፍል ስለሚይዝ ብርሃንና አየር አይጎድልም። ዛሬ በሰፈሮቿ በኮሎምቢያ ፓይክ ወይም በባኪንግሃም ባለ አንድ መኝታ ቤት የሚከራይ ሰው ከቦሊቪያ፣ ከኤል ሳልቫዶር፣ ከሞንጎሊያና ከኢትዮጵያ ከመጡ ቤተሰቦች ጋር ይጎራበታል። ይህ ስብጥር በራሱ ጊዜ የመጣ የሚመስለው ብዙ ነው። ታሪኩ የሚያሳየው ግን ሌላ ነው፦ ሰፈሩ የሁሉም የሆነው በሩን የከፈተ ሕግና አቅም የሚችለው ኪራይ አብረው በመገኘታቸው ነው፤ አንዱ ሲጎድል ሌላው ብቻውን አይበቃም።

የቤቶቹ መነሻ የኢኮኖሚ ድቀቱ ዘመን ነው (ዓመታቱ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። የፕሬዚዳንት ሩዝቬልት መንግሥት አዳዲስ መሥሪያ ቤቶችን ሲከፍት ሠራተኛው ወደ ዋሽንግተን ጎረፈ፤ የአርሊንግተን ሕዝብም ከ1930 እስከ 1940 ባለው ጊዜ ከ26,000 ወደ 57,000 ገደማ አደገ። ባንኮች ግን ለኪራይ ቤት ግንባታ ገንዘብ ለማበደር ይፈሩ ነበር። በ1934 የተቋቋመው የፌዴራል የቤቶች አስተዳደር ለብድሩ ዋስ ሲሆን ነገሩ ተለወጠ። ጉስታቭ ሪንግ የተባለው ገንቢ በዚሁ ዋስትና በ1935 የኮሎኒያል ቪሌጅን የመጀመሪያ 276 ቤቶች ሠራ፤ በዚያ መንገድ በአገሪቱ ከተገነቡት ትልልቅ የኪራይ መንደሮች ቀዳሚው ይኸው ነው። ባኪንግሃም በ1937 ተከተለ። እንግሊዛዊው ኤበኔዘር ሃዋርድ በ1898 ያቀረበው የአትክልት ከተማ ሐሳብ በዚህ መልክ ለደመወዝተኛ ተከራይ ደረሰ።

ደረሰ ሲባል ግን ለነጮች ነው። የቤቶች አስተዳደሩ የግምገማ መመሪያ ዘር የሚለዩ ክልከላዎችን ያበረታታ ነበር፤ ጥቁሮችም በእነዚህ መንደሮች መከራየት አይችሉም ነበር። ገንቢዎቹ የዘመናቸው ሰዎች ነበሩ፣ ንብረቱም የግል ነበር ብሎ የሚከራከር አለ። ክርክሩ አያስኬድም። ያለ መንግሥት ዋስትና ብድሩ ባልተገኘ፣ ያለ ብድሩም ሕንፃዎቹ ባልቆሙ ነበር፤ ስለዚህ ክልከላው የባለንብረት ምርጫ ብቻ ሳይሆን የሕዝብ ሀብት አከፋፈል ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወቅት የሆነው ይህን ግልጽ ያደርገዋል። በ1942 ለፔንታጎን መንገዶች ሲባል 900 ያህል ጥቁሮች የሚኖሩባት ኩዊን ሲቲ ፈረሰች፤ ከነዋሪዎቿ ብዙዎቹ በጊዜያዊ ተጎታች ቤቶች ተጠለሉ። በዚያው ዓመት መንግሥት ለጦርነቱ ሠራተኞች ፌርሊንግተንን መገንባት ጀመረ፤ ከ3,400 በላይ ከሆኑት ቤቶች ለተፈናቀሉት ጥቁሮች የተረፈ አልነበረም።

በሩ የተከፈተው በትግል ነው። በ1948 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ዘር የሚለዩ የንብረት ውሎች በፍርድ ቤት እንዳይፈጸሙ ወሰነ። በ1966 ሰልፈኞች የባኪንግሃምን አከራዮች ተቃወሙ። በ1968፣ ማርቲን ሉተር ኪንግ በተገደለ በሳምንቱ፣ በቤት ኪራይና ሽያጭ ዘር መለየትን የሚከለክለው የፌዴራል ሕግ ጸደቀ። ሕጉ ግን የኪራይ ሒሳብ አይከፍልም። ፌርሊንግተን በ1970ዎቹ ኮንዶ ሆኖ ሲሸጥ ቅድሚያ ክፍያ የሌለው ሰው በሕግ ያልተከለከለበት ቤት በዋጋ ተከለከለበት። በኪራይ የቀሩት ያረጁ ግቢዎች ግን ከ1975 በኋላ ቬትናማውያንን፣ ከ1980ው የስደተኞች ሕግ ወዲህ ደግሞ ከደርግ የሸሹ ኢትዮጵያውያንን ተቀበሉ። አውቶቡስ በደጅ፣ የሆቴልና የአውሮፕላን ማረፊያ ሥራ በቅርብ ነበር። ባለ አንድ መኝታ ቤት አዲስ ለመጣ ቤተሰብ መቋቋሚያ የሚሆነው በዚህ ሁኔታ ነው።

ታዲያ ገበያው ራሱ ሥራውን ሠርቶ የለም ወይ? ቤት ሲያረጅ ኪራዩ ይቀንሳል፣ ደሃም ይገባበታል የሚሉ አሉ። ለአንድ ትውልድ ያህል እውነት ሆኗል። ነገር ግን ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የከተማ ባቡሩ ሜትሮ ሲዘረጋ መሬቱ ተወደደ፤ ውድ መሬት ላይ የተቀመጠ ዝቅተኛ ሕንፃ ደግሞ ለማፍረስ የሚያጓጓ ነው። በቨርጂኒያ ሕግ አካባቢያዊ መስተዳድር የኪራይ ጣሪያ ማስቀመጥ አይችልም። ስለዚህ በ2021 ከ1,300 በላይ ቤቶች ያሉት የባርክሮፍት ግቢ ሲሸጥ የአርሊንግተን አስተዳደር ለገዢው 150 ሚሊዮን ዶላር፣ አማዞን ደግሞ 160 ሚሊዮን ዶላር አበደሩ፤ በምላሹ ኪራዩ ለረጅም ጊዜ ተመጣጣኝ ሆኖ እንዲቆይ ግዴታ ተገባ። የግብር ከፋይ ገንዘብ ለጥቂት ተከራዮች ለምን ይውላል የሚለው ጥያቄ መነሳቱ ተገቢ ነው። መልሱ ከ1935 ይጀምራል፦ እነዚህን ግቢዎች የሕዝብ ዋስትና አቆማቸው፣ ያኔ ግን ዋስትናው ሰው ለመለየት ዋለ። ዛሬ የሕዝብ ብድር ተለይቶ የነበረውን ሰው ለማቆየት ሲውል የተዛባውን ማረም እንጂ ችሮታ አይደለም። በእነዚህ ግቢዎች ኑሮ የጀመሩ የእኛ ሰዎችም የኪራይ ጉዳይ በአካባቢው ምክር ቤት በተነሳ ቁጥር ድምፃቸውን ማሰማት ይገባቸዋል፤ የገቡበትን በር ሌሎች ከፍተውላቸዋል፤ ከኋላ ለሚመጡት ክፍት ሆኖ እንዲቆይ መሟገት የእነሱ ድርሻ ነው።