ከአዲስ መኪና የሚወርደው ፀረ-ዝገት ቅባትና የሚተወው እድፍ፦ ምንነቱና አጸዳዱ

አዲስ መኪና ገዝቶ ወደ ግቢው ያስገባ ሰው፣ ቀናት ሳይቆጠሩ ከበሮቹ ሥር ቡናማ ወይም ቢጫማ ቅባት ሲወርድ ሲያይ መደንገጡ አይቀርም። መኪናው የተገዛው ለዓመታት ከተቆጠበ የምርት ሽያጭ ወይም ከብድር በተገኘ ገንዘብ ከሆነ ደግሞ ድንጋጤው ይበረታል። «ገና በአዲሱ ዛገ» ብሎ ጨርቅ በቤንዚን ነክሮ መፈተግ የሚቀናም አለ። ይሁን እንጂ በአብዛኛው የሚወርደው ነገር ዝገት ሳይሆን ዝገትን ለመከላከል የተቀባ ሰም ነው። የማይጠገነው ጉዳት የሚደርሰው ከእድፉ ሳይሆን በችኮላ ከሚደረግ ማጽዳት ነው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንዲሉ፣ አስቀድሞ ነገሩን ማወቅ ይበጃል።

ቅባቱ ከየት ይመጣል?

ብረት የሚዝገው ውኃና ኦክስጅን ሲያገኙት ነው፤ ጨው ሲጨመርበት ዝገቱ ይፋጠናል። ወደ ሀገራችን የሚገቡ መኪናዎች አብዛኞቹ በመርከብ ባሕር አቋርጠው በጅቡቲ ወደብ በኩል ስለሚመጡ ለጨዋማ አየር ይጋለጣሉ። በሀገር ውስጥም የክረምት ጭቃ ከመኪናው ሥር ተለጥፎ እርጥበትን ለረጅም ጊዜ ይይዛል።

ይህን ለመከላከል በበሮች፣ በደረጃዎችና በኮፋኖ ውስጥ ባሉ ክፍት ቦታዎች ሰም መሰል ቅባት ይረጫል። ከመኪናው ሥር፣ ሻንሲው አካባቢ፣ ብዙ ጊዜ ሬንጅ መሰል ጥቁር ቅብ ይቀባል። ሥራው በፋብሪካ ወይም ከግዢ በኋላ በጋራዥ ሊከናወን ይችላል። ሰሙ ሲረጭ ፈሳሽ የሚሆነው በብረት መጋጠሚያዎች መካከል ሰርጎ እንዲገባ ነው። ትርፉ በበሩ ግርጌ ባሉ ትንንሽ ቀዳዳዎች ይወጣል።

በዳምቦያም ሆነ በአካባቢው ባሉ ከተሞች በገበያ ቀን መኪና ረጅም ሰዓት ፀሐይ ላይ ይቆማል። በዚህ ጊዜ የበሩ ብረት ስለሚግል፣ ረግቶ የነበረው ሰም ይለሰልስና እንደገና ይንጠባጠባል። በበጋ የጠጠርና የአፈር መንገድ አቧራ ሲለጠፍበት ደግሞ ይጠቁራል፤ በበር ጎማ፣ በፓራውልትና በጥቁር የፕላስቲክ ማስጌጫዎች ላይ መስመር ሠርቶ ይቀራል።

ዝገት ነው ወይስ ቅባት?

ነጭ ጨርቅ ላይ ጥቂት የምግብ ዘይት ጠብ አድርጎ እድፉን ቀስ ብሎ ማሸት ነው። ሰም ከሆነ ይሟሟና ቡናማ ሆኖ ጨርቁ ላይ ይወጣል፤ ቦታውም ልስልስ ሆኖ ይገኛል። እድፉ በዘይት የማይለቅ፣ ለጣት የሚሻክር ወይም ቀለሙን ያሳበጠ ከሆነ ግን ዝገት ሊሆን ስለሚችል ምንም ሳይነኩ ፎቶ ማንሳትና ለሻጩ ማሳየት ይገባል። መኪናው ዋስትና ካለውም ከመፈተግ በፊት ሻጩን መጠየቅ ይመረጣል።

ቀዳዳው አይደፈን

ቅባቱን ለማስቆም ሲባል የበሩን ግርጌ ቀዳዳ በሙጫ ወይም በማስቲሽ መድፈን ትልቅ ስሕተት ነው። ቀዳዳው የተሠራው በመስኮት በኩል ወደ በሩ ውስጥ የሚገባው የዝናብ ውኃ እንዲወጣ ነው። ከተደፈነ ውኃው ውስጥ ተጠራቅሞ በሩን ከውስጥ ያዝገዋል፤ ጉዳቱም የሚታየው ብረቱ ከተበላ በኋላ ነው። ረግቶ ቀዳዳውን የዘጋ ሰም ካለ በቀጭን እንጨት ወይም በፕላስቲክ ስንጥር ቀስ ብሎ መክፈት ያስፈልጋል።

አጸዳዱ በቅደም ተከተል

መመሪያው አንድ ነው፦ ከለስላሳው መጀመር፣ ካልለቀቀ ብቻ ወደሚቀጥለው ማለፍ። ሥራው በጥላ ሥር፣ ብረቱ ሲቀዘቅዝ ይከናወን። ማንኛውንም ነገር አስቀድሞ በማይታይ ቦታ ላይ በጥቂቱ መሞከርም ይገባል።

1. አቧራውን በብዙ ውኃ ማጠብ። በአቧራ ላይ ማሸት ቀለሙን ይፍቃል።

2. እጅ በማይፋጅ ሙቅ ውኃ ፈሳሽ ሳሙና በጥብጦ፣ ለስላሳ ጨርቅ ነክሮ እድፉ ላይ ለጥቂት ደቂቃ ማኖር። ሙቀቱ ሰሙን ያለሰልሰዋል። ከዚያ ወደ አንድ አቅጣጫ መጥረግ፤ ጨርቁንም ደጋግሞ መቀየር።

3. ለበር ጎማ ከሳሙናና ከሙቅ ውኃ ሌላ አለመጠቀም ይመረጣል። በአንድ ጊዜ ባይለቅ በሌላ ቀን መድገም ነው። የነዳጅ ዘር የሆነ ፈሳሽ ጎማውን ያሳብጠዋል፤ ያበጠ ጎማ በሩን በትክክል ስለማይገጥም ዝናብና አቧራ ያስገባል።

4. ለጥቁር ፕላስቲክና ለኒኬል ማስጌጫ የምግብ ዘይት በጨርቅ መቀባትና ጥቂት ቆይቶ መጥረግ፤ ዘይቱ አቧራ እንዳይስብ ወዲያው በሳሙና ማጠብ። ወፍራም ሰም ካለ በአሮጌ የፕላስቲክ ካርድ ጠርዝ ቀስ ብሎ ማንሳት ይቻላል።

5. ቀለም በተቀባ ብረት ላይ የቀረ ግትር እድፍ ወይም ሬንጅ ካለ፣ ጥቂት ነጭ ጋዝ (ላምባ) ጨርቅ ላይ ብቻ ጠብ አድርጎ መጥረግና ሳይቆይ በሳሙና ማጠብ። ላምባው በቀጥታ ቀለሙ ላይ አይፈስስ። ቀለሙ በቅርቡ በጋራዥ የታደሰ ከሆነ ግን ይህ አይሞከር።

ከመኪናው ሥር ያለው ቅብ ግን መከላከያው ስለሆነ መነካት የለበትም። የሚጸዳው በውጭ የሚታየው ትርፍ ብቻ ነው።

መወገድ ያለባቸው

ቤንዚንና ቲነር ፕላስቲክን ያነጣሉ፤ የመብራት ሽፋንንም ሊሰነጥቁ ይችላሉ። በዚህ መንገድ የነጣ ፕላስቲክ በመታጠብ አይመለስም፤ መለወጥ ይኖርበታል። ቤንዚን ከዜሮ ዲግሪ በታች እንኳ የሚቀጣጠል ትነት ስለሚያወጣ ምድጃ ባለበት ግቢ ውስጥ የሕይወት አደጋ ነው። ላምባም ቢሆን ከእሳት መራቅ አለበት። ምላጭ፣ ብርጭቆ ወረቀትና የብረት ሽቦ ፈጽሞ አያስፈልጉም። በላቫጆ የሚያሳጥቡ ባለንብረቶችም አጣቢው በምን እንደሚያጸዳ አስቀድመው ይጠይቁ።

የኤሌክትሪክ መኪና ከሆነ

በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪናዎች ወደ ሀገር እንዳይገቡ መከልከሉ በጥር 2016 ዓ.ም ይፋ ከሆነ ወዲህ፣ አዲስ የሚገዛው መኪና የኤሌክትሪክ የመሆኑ ዕድል ሰፍቷል። የእነዚህ መኪናዎች ባትሪ ብዙውን ጊዜ ከወለሉ ሥር ይገኛል። ስለዚህ ከሥር በላምባም ሆነ በኃይለኛ የውኃ ግፊት ማጽዳት አይገባም። ብርቱካናማ ገመዶች ከፍተኛ ኃይል ያስተላልፋሉና አይነኩ። የመሙያው ክዳንም በሚታጠብበት ጊዜ ዝግ ይሁን።

ከታጠበ በኋላ

ቅባት የያዘው ውኃ ወደ ምንጭ፣ ወደ ወንዝ ወይም ወደ እንሰትና ቡና ማሳ መፍሰስ የለበትም፤ መኪናን ወንዝ ዳር ወስዶ ማጠብም በዚሁ ምክንያት አይመከርም። ቅባትና ላምባ የነካው ጨርቅ ከምድጃ ርቆ፣ ሕፃናት በማይደርሱበት ውጭ ቦታ ተዘርግቶ ይድረቅ።

ሰሙ በቦታው ሲረጋ መንጠባጠቡ እየቀነሰ ይሄዳል። እስከዚያው ድረስ በየሳምንቱ በሳሙና መጥረግ ይበቃል። የባጃጅም ሆነ የጭነት መኪና ባለቤቶች ይህንኑ ቅደም ተከተል መከተል ይችላሉ። ጥቂት ቀን በሚታይ ቡናማ መስመር መታገሥ፣ ከነጣ ማስጌጫና ከውስጥ ከዛገ በር ይሻላል።